በለገዳዲ የቤት ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚገኝ ያልተሸነሸነ ይዞታ፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

ለገዳዲ ሲነሳ ሰው የሚያስበው ግድቡን ነው፤ አዲስ አበባ የምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ከዚያ ይሄዳል። ይህ ጥናት ግን ምሁራን ችላ ወዳሉት ሌላ ክምችት ያተኩራል፦ ሳሎን ጥግ ላይ ዳንቴል ለብሶ በተቀመጠ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ሥራ ፈትቶ ወደሚኖረው የሃርድ ዲስክ ቦታ።

የጥናቱ ናሙና አንድ ኮምፒውተር ነው። ሁለተኛ ሊጨመር ነበር፤ ባለቤቷ «የልጄ ሰርግ አለበት» ብለው አላስነኩም።

ናሙናው የሚሠራው በዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋርጧል፤ ወሬው ቤቱ ገና አልደረሰም። ዲስኩ 80 ጊጋባይት ተብሎ ተገዛ፤ ዊንዶውስ ግን 74.5 ነው ይላል። አባወራው ሻጩን ይጠረጥራሉ። ምክንያቱ ፋብሪካው በ1000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 መቁጠሩ ነው። ይሁን እንጂ 200 ካሬ ገዝቶ ሜትር ሲዘረጋ 186 ላገኘ ሰው ይህ ማብራሪያ አይዋጥለትም፤ አባወራውም አልተዋጠላቸውም።

ከዚህ ሁሉ ለሲ ድራይቭ የተሸነሸነው 20 ጊጋባይት ብቻ ነው። የተረፈው በዲስክ ማኔጅመንት መስኮት ላይ ጥቁር ተሰምሮበት ይታያል፤ ፊደል የለው፣ ካርታ የለው። አመጣጡም ቀላል ነው፦ ፎርማት ያደረገው ልጅ «ዲን ነገ እሠራዋለሁ» ብሎ ወጣ።

ፊደሉ ለምን ከሲ ይጀምራል? ኤ እና ቢ ለፍሎፒ ተይዘው ነው። ፍሎፒ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለቱ ፊደላት ግን ባለቤቱ አጥሮት ውጭ አገር እንደሄደ ቦታ ዛሬም ይጠበቃሉ። ዲንም ብዙ ጊዜ ሲዲ ማጫወቻው ቀድሞ ስለሚይዘው፣ ዲን ሲጠብቅ የኖረ ቤተሰብ ኢ ይደርሰዋል። ቅሬታ የሚቀርብበት ቢሮ የለም።

ስለ ሽንሸናው ሕግ ጥቂት። ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ከፒሲ ዶስ 2.0 ጋር ነው። ይዞታዎቹ በዲስኩ ላይ የሚመዘገቡበት መዝገብ 64 ባይት ብቻ ሲሆን እያንዳንዱ ባለይዞታ 16 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከአራት ዋና ይዞታ በላይ አይፈቀድም። አምስት ወራሽ ያለው ቤት አንዱን ኤክስቴንድድ አድርጎ ውስጡ ሰርቪስ ቤቶች ይቀልሳል። የኤክስፒ መጫኛ ደግሞ ከዲስኩ ጫፍ 8 ሜጋባይት ያህል ሳይሸነሽን ይተዋል፤ በወሰን ያልተጣላ ብቸኛው ቁራሽ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃልላለች። ኤክስፒ እንዲህ ያለ ችሎታ የለውም፤ ሁለት ይዞታ ለማዋሃድ አንዱን ከነንብረቱ ማፍረስ ግድ ይላል። (አጥኚው እዚህ ላይ ተጨማሪ ንጽጽር ከማድረግ ተቆጥቧል።)

ዋናው ግኝት እንዲህ ነው። ቤተሰቡ ጥቁሩን ቦታ የማይነካው «ሁሉ ነገር ይጠፋል» ብሎ ነው። ሥራው ግን ማይ ኮምፒውተርን በቀኝ ጠቅ፣ ማኔጅ፣ ዲስክ ማኔጅመንት፣ ጥቁሩ ላይ በቀኝ ጠቅ፣ ኒው ፓርቲሽን፣ ከዚያ ኤንቲኤፍኤስ መምረጥ ብቻ ነው፤ ፋት32 ከተመረጠ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ የሰርግ ፊልም አይገባም። ሲ ባለበት ይቀራል። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ሰው ያለበትን ሲ በልዩ ፕሮግራም ማጥበብ። እሱ መሃል መብራት ከሄደ ሰርጉም፣ ሙሽሮቹም፣ «ኒው ፎልደር 2»ም አብረው ይሄዳሉ።

ቤተሰቡ የማይፈራው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ «ዲ ላይ ስላለ አይጠፋም» የሚባለው እምነት። እምነቱ ሲ ፎርማት ሲደረግ ይሠራል። ነገር ግን ሲም ዲም የሚኖሩት አንድ ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ አንድ ቀን ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምር ለየትኛውም ፊደል አያዳላም። የሰርጉን ቪዲዮ ዛሬውኑ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡት።