ምጣዱስ የት ይግባ?

ከአሮጌው ቤታችን በር እስከ አዲሱ ቤታችን ደረጃ 412 እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ብርድ ሲሆንና ጉልበቴ ሲያስቸግረኝ 430 ይደርሳል። ይህችን መንገድ ለመሻገር ነው እንግዲህ ከጥር ጀምሮ ስብሰባ የምንቀመጠው። እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ እንኳ አልጠበቁም፤ ቡሃቃቸውን በልብሳቸው ጠቅልለው በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ ይላል መጽሐፉ። ካቢኔቱ ነጭ ይሁን ወይስ ግራጫ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ፈርዖን እዚያው ይደርስባቸው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአባቴ ግቢ አምስት ወራሽ አለው። አምስቱ ወራሾች ለአሥራ ሦስት ዓመት ያልተስማሙበትን ነገር አንድ ደላላ በአንድ ከሰዓት አስማማቸውና ግቢው ተሸጠ። ገዢው ጨዋ ሰው ነው፤ እስከ መስከረም ቆዩ አለን። እኛ ደግሞ ተመስገን ነው፣ ጎተራ ኮንዶሚኒየም በዕጣ የደረሰን ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለን፤ እስከ ዛሬ አከራይተነው ነው የኖርነው። ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለውም። ደረጃውን ከ412ቱ ጋር አልደመርኩትም፤ እሱ ለብቻው የሚለቀስ ነው።

አልጋና ሶፋ በአንድ ቅዳሜ በጋሪ ይሻገራል። ያሰረን ወጥ ቤቱ ነው። ቤቱን የተረከብን ጊዜ ወጥ ቤት ተብሎ የተሰጠን ክፍል ሊሾ ወለል፣ አንድ ቧንቧና አንድ መስኮት ነበር። ተከራዮቹ በየተራ አንድ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ሲወጡ ደግሞ በየተራ እየነቀሉ ሄዱ። አሁን የቀረው ምስማር ነው። ስለዚህ "ሳንገባ በፊት ይሠራ" ተባለ። ማን አለ እንዳትሉኝ፤ ቤት ውስጥ "ተባለ" ከተባለ ማን እንዳለ የታወቀ ነው።

እኔ ሥራ በዕቅድ ነው የምጀምረው። 34 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ያገለገልኩ ሰው ነኝ፤ ሞዴል 19 ሳልቆርጥ ዕቃ ተረክቤ፣ ሞዴል 22 ሳይፈረም አንዲት እርሳስ አውጥቼ አላውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የአሮጌውን ማድ ቤት ንብረት ቆጠርኩ። ምጣድ ከነአክንባሎው፣ 1። ሙቀጫ ከነዘነዘናው፣ 1። ሰፌድ፣ 4። የሊጥ ባልዲ፣ 2። ጀሪካን፣ 9። ድስት ከነክዳኑ፣ 7። ድስት የሌለው ክዳን፣ 11። በፌስታል ተቋጥሮ ምንነቱ ያልታወቀ ዕቃ፣ 23። ስለ 11ዱ ክዳን ማብራሪያ ብጠይቅ ባለቤቴ "ድስቶቹ ድግስ ሄደው ነው" አለችኝ። የማን ድግስ? አንደኛው በ1994 ዓ.ም. የተደገሰ ሠርግ ነው፤ ሙሽሮቹ ዛሬ ልጅ ሊድሩ ደርሰዋል። ስለ 23ቱ ፌስታል ስጠይቅ ግን ማማሰያውን አነሳች። ቆጠራው በዚሁ ተዘጋ።

ቀጥዬ አዲሱን ክፍል ለካሁ። 1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር ከ60። ሲባዛ 4 ካሬ ከ68 ይመጣል። ሰፈሩ ስሙ ጎተራ ነው፤ በእህል ማከማቻ ስም በሚጠራ ሰፈር አንድ ኩንታል ጤፍ የሚቆምበት ጥግ አጣሁ። ይህን ስናገር ልጆቹ "አባዬ፣ አሁን እኮ ሰው አምስት አምስት ኪሎ ነው የሚገዛው" ይሉኛል። እኔ የማውቀው አምስት ኪሎ በታክሲ የሚኬድበት ነው፤ ጤፍ ሲለካበት አላየሁም።

ትልቋ ልጄ ቨርጂኒያ ናት። ከዚያ ሆና በስልክ ፎቶ ትልካለች። ነጭ ካቢኔት፣ ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ድንጋይ። ሰው ቀዶ ጥገና የሚደረግበት እንጂ ሽንኩርት የሚከተፍበት አይመስልም። አንድ ቀን ደውላ "አባዬ፣ አይላንድ ይኑረው" አለችኝ።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ደሴት በለው። መሃል ላይ ብቻውን የሚቆም፣ ዙሪያውን የሚዞሩት ጠረጴዛ ነው።"

ጣና ላይ 37 ደሴት አለ ይባላል፤ 38ኛው ጎተራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቅ ሊል ነው። ደሴት ደግሞ ውኃ ይፈልጋል። የእኛ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እሱም ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንደ ሌባ ቧንቧውን እያንኳኳ። ያ ሁሉ ጀሪካን ለጌጥ የተቀመጠ መስሏት ይሆን? በ4 ካሬ ከ68 ውስጥ ደሴት ቢቆም እናቷ ዙሪያውን የምትዞረው በጎኗ ተሸጉጣ ነው፤ የእናቷን ጎን ደግሞ ታውቀዋለች።

ሁለተኛው ትእዛዝ በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ያለው ግድግዳ ይፍረስ የሚል ነው። "ኦፕን ኪችን" ይባላል። አማርኛ ለዚህ ክፍል ያልሰጠው ስም የለም፤ ጓዳ ይላል፣ ማጀት ይላል፣ ማድ ቤት፣ ወጥ ቤት፣ ኩሽና ይላል። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁሉም በር አላቸው። በር የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ያልታሰበ እንግዳ መጣ እንበል። ባለቤቴ ፈገግ ብላ "ቁጭ በሉ፣ ወጡ እየሞቀ ነው" ትላለች። ትገባለች፣ በሩን ገርበብ ታደርጋለች። ውስጥ ወጥ የለም። ድስት ከድስት ጋር ታጋጫለች፣ ቧንቧ ትከፍታለች (ውኃ ባይኖርም)፣ በመስኮት የጎረቤት ልጅ ጠርታ ብር ታስጨብጥና እንቁላል ትልካለች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንቁላል ፍርፍር በቃሪያ ተሠርቶ ይቀርባል፤ እንግዳውም "ምነው ለኔ ብላችሁ ባልተቸገራችሁ" ይላል። ይህ ሁሉ በኦፕን ኪችን በቀጥታ ስርጭት ሊተላለፍ ነው።

በዚያ ላይ ግድግዳው ዝም ብሎ የሚናድ አይደለም። ኮንዶሚኒየም የጋራ ሕንፃ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ፣ ማኅበር አለ፣ ከበላያችን የሚተኙ ሁለት ፎቅ ሙሉ ሰዎች አሉ። አዋጁን ላነብላት ስጀምር ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አለች በኋላ።

ዋጋ ለማየት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ የሕንፃ ዕቃ ሱቆቹን ዞርኩ። የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሻጩ ሁሉ ኢኮኖሚስት ሆኗል። ሴራሚኩ ለምን ጨመረ? ዶላር። ሙጫው? ዶላር። ጫኝና አውራጁስ? እሱም ዶላር። ሰውዬው ምሳውን ሽሮ ሲበላ እያየሁት! አንድ የካቢኔት እጀታ (እጀታ ነው ያልኩት፣ በሩን አይደለም) የተጠራልኝ ዋጋ ሥራ ስጀምር የወር ደመወዜ ነበር። በዚያ ደመወዝ ቤት ተከራይቼ፣ ለእናቴ ቆርጬ፣ ቅዳሜ ሲኒማ እገባ ነበር። አሁን በሱ መሳቢያ እከፍታለሁ።

ካቢኔት ሠሪው ገና ልጅ ነው፣ ደግሞም ትሁት ነው፤ "አባባ" እያለ ስድሳ በመቶ ቀብድ ይጠይቃል። ነገ ይላል፣ ነገ የሚለው ግን የትኛውን ሳምንት እንደሆነ አይናገርም። ነጭ "ሃይ ግሎስ" አሳየኝ። "አባባ፣ ፊትዎ ይታይበታል" አለኝ። ፊቴን ማየት ቢያምረኝ መስታወት አለ፤ እሱንም ካየሁ ቆየሁ። በርበሬ የነካ ጣት፣ እርድ የነካ ጣት፣ ቅቤ የነካ ጣት በዚህ ነጭ ላይ የሚጽፈውን ማን ያጠፋዋል? ከዚያ ከምድጃው በላይ የሚሰቀል "ሁድ" የሚባል ነገር አሳየኝ። ጭስ ይስባል አለ። ስቦ ወዴት ያደርሰዋል ብዬ ቱቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። ቱቦው ካቢኔቱ ውስጥ ገባ፣ እዚያው አበቃ። "አባባ፣ እሱ ለውበት ነው" አለኝ።

በስተመጨረሻ ዋናውን ጥያቄ ጠየቅሁት። "ምጣዱስ የት ይግባ?"

ልጁ ስልኩን አየ። ንድፉን ወደ ግራ ገፋው፣ ወደ ቀኝ ገፋው፣ በሁለት ጣቱ አሰፋው። ማይክሮዌቭ ቦታ አለው። የወይን ብርጭቆ ቁልቁል የሚንጠለጠልበት ቦታ አለው፤ እኛ ቤት ወይን የገባው ለልጄ ምርቃት ነው። ምጣድ የለም። ባንኮኒው ወደ ውስጥ 60 ሳንቲሜትር ነው፤ የዓለም ሕግ ነው አለኝ። ምጣዱ ራሱ 60 ገደማ ነው፣ ከነሳጥኑ ያልፋል፤ ግማሽ እጁ አየር ላይ ሊንጠለጠል ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም በበኩሉ 3 ሺህ 500 ዋት ለ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ሆነ፣ የሶኬቱ ባለ 2.5 ሽቦ አይመቸውም፣ ለብቻው ባለ 4 መስመር ይሳብ አለ። እንፋሎቱስ? አክንባሎው በተነሳ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት ቀጥ ብሎ ከላይ ያለውን ካቢኔት ሆድ ነው የሚመታው። ቺፕውድ እርጥበት ካገኘ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል፤ ልዩነቱ ሊጡ ኩፍ ሲል ደስ ማለቱ ነው።

"በረንዳ ላይ ቢያደርጉትስ?" አለ ልጁ። በረንዳው ላይ የውኃ ሮቶ፣ ከሮቶው ጎን ልብስ ማስጫ፣ ከማስጫው ሥር ደግሞ ከድግስ ይመለሳሉ የተባሉት 11 ድስቶች ቦታ ተይዞላቸዋል። ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ነገሩ ታስቦበት እንደነበር አውቃለሁ፤ ለእርድና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው ተሠርቶ ነበር። ብዙ ቦታ ግን ለሌላ ጉዳይ ተከራይቶ ታገኙታላችሁ።

ቨርጂኒያ አንድ ጊዜ ሄጃለሁ። ደሴቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ላዩ ላይ የብርጭቆ ሳህን፣ ሳህኑ ውስጥ ሎሚ አለ። ሎሚውን ለሻይ ላነሳ ብል ፕላስቲክ ሆነብኝ። ማታ ልጄ ካፖርቷን ለበሰች፣ ሻሽ አሰረች፣ ባልዲ አንጠልጥላ በጓሮ በር ወጣች። ወዴት ነው በዚህ ብርድ ብዬ ብከተላት ጋራዥ ገባች። ምጣዱ እዚያ ነው። ከመኪናው ጎን፣ በሚታጠፍ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ጎማ አጠገብ። "ሽታው ቤቱን እንዳይዘው ነው አባዬ" አለችኝ፣ እፍ እያለች እጇን እያሞቀች። እንግዲህ ይህን ነው ፎቶ አንስታ የማትልክልኝ።

የወንድሜ ልጅ አርክቴክቸር ነው የምትማረው፤ ብሶቴን ስትሰማ አንድ ታሪክ ነገረችኝ። ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት እ.ኤ.አ. በ1926 ለፍራንክፈርት ከተማ የመኖሪያ ቤቶች የሚሆን ጠባብ ወጥ ቤት ነደፈች፤ 1 ሜትር ከ90 በ3 ሜትር ከ40። የባቡር ማብሰያ ክፍል አይታ፣ ምግብ የምታበስል ሴት የምትራመደውን እያሰላች ነው የሠራችው። ወደ 10 ሺህ ቤት ተገጠመ፤ ዛሬ ካቢኔት ሠሪው በስልኩ የሚያሳየኝ ሁሉ ዘሩ ከዚያ ነው አለችኝ። እርምጃ የምትቆጥር ሴት! ከእኛ ግምጃ ቤት ብትቀጠር ኖሮ በሁለት ዓመት ሹም ትሆን ነበር። ከሁሉ ደስ ያለኝ ደግሞ ሴትዮዋ ያን ወጥ ቤት እስክትነድፍ ድረስ ምግብ አብስላ እንደማታውቅ ራሷ መናገሯ ነው። ይህን ስሰማ ደረቴን ነፋሁ። እኔም አብስዬ አላውቅም፤ ታዲያ ስለ ወጥ ቤት አትናገር የሚለኝ ማን ነው?

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሳታማክረኝ ምጣዱን በጋሪ አስጭና 412ቱን እርምጃ አሻገረችው። ባዶው ክፍል መሃል ሦስት ብሎኬት ላይ አስቀመጠችና ካቢኔት ሠሪውን ጠራችው።

"ልጄ፣ ከዚህ ተነስተህ ለካ። ሌላው የተረፈው ቦታ ላይ ይሁን።"

"እሺ እማማ። ከፍታው በማን ልክ ይሁን?"

"በሚጋግረው ሰው።"

ልጁ ሜትሩን ይዞ ወደሷ ሄደ። እሷ ወገቧን ይዛ ወደኔ ጠቆመችው። "ሐኪሙ ማጎንበስ ከልክሎኛል። ደግሞ አምስት ወር ሙሉ ስለ ምጣድ ያወራው እሱ ነው፤ ከሱ የበለጠ ማን ያውቀዋል?"

ባዶ ጣሳ አስያዘችኝ። ምጣዱ ፊት ቆምኩ፤ ልጁ ተንበርክኮ ከወለሉ እስከ ክርኔ ለካ። "አባባ፣ እንደሚያዞሩ ሆነው ያሳዩኝ፣ እጅዎ የሚደርስበትን ልይ።" ጣሳውን አዘነበልኩና ከመሃል ጀምሬ አየሩን ማዞር ጀመርኩ።

ልጁ ሜትሩን ለቀቀው። ጥርሱን ላለማሳየት እየታገለ ቀና ብሎ አየኝ።

"አባባ፣ ከዳር ነው የሚጀመረው።"