የዕረፍት ዕዳ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። የኔ ጉድ የሚመጣው በየዓመቱ በነሐሴ ነው። ሮማ ነሐሴ ሲገባባት ፀጉር አስተካካዩ ይዘጋል፣ ዳቦ ቤቱ ይዘጋል፣ ሐኪሜ እንኳ በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ይሰወራል። ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ነው፤ ቤቱ የቀረ እንደ ታመመ ይቆጠራል። ልጄም "አባዬ፣ ዘንድሮ አንተን ጥለን አንሄድም" አለችኝ። ጥላችሁኝ ሂዱ ብዬ ብለምን ማን ሰምቶኝ!

የተመረጠችው ስፐርሎንጋ ናት። በሮማና በናፖሊ መካከል፣ ባሕሩ ላይ ባጎነበሰ ገደል አናት የተቀመጠች፣ ቤቶቿ በኖራ የነጡ ትንሽ ከተማ። መልኳን አልነቅፍም። ፎቶዋን ሲያሳዩኝ ግን ሌላው የሚያየው ነጩን ግድግዳ፣ እኔ የማየው ደረጃውን ነው። መንገድ የሚሉት ሁሉ ደረጃ ነው፤ ከላይ ከተማው፣ ከታች ባሕሩ፣ በመሃል የኔ ጉልበት። በ1534 ባርባሮሳ የሚባለው የኦቶማን የባሕር አዛዥ መጥቶ ዘርፏታል አሉ። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ መዝረፉ ይገርመኛል። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ የሚዘረፈው መጤው ነው።

ቀኑ ደግሞ ፌራጎስቶ! ስሙ ከአውግስጦስ ቄሣር የዕረፍት በዓል የመጣ ነው፤ ኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው የእመቤታችንን ዕርገት አከበረችበት። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ላይ ይውላል፣ የፍልሰታ ጾም መሃል። እነሱ በእመቤታችን ስም ይበላሉ፣ እኛ በእመቤታችን ስም እንጾማለን፤ እኛ የምንገድፈው በ16 ነው። ታዲያ ጾመኛን አንጠልጥሎ ዓሣ ወደሚጠበስበት ከተማ መውሰድ ምን ይሉታል? አማቼ ጣሊያናዊ ነው፣ ልበ ደግ ልጅ ነው፤ "ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም" አለኝ። ይህ ክርክር አገር ቤትም ሳይቋጭ የኖረ ነው፤ ከሱ ጋር አልጀምረውም።

ምክክሩ የሚካሄደው በዋትስአፕ ነው። አምስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ለጎረቤቱ ይጽፋል። ሆቴሎቹ በነሐሴ ለሁለት ሌሊት አናከራይም፣ ቢያንስ ሳምንት ይሁን ይላሉ። ከስንት ልመና በኋላ አንድ ፔንሲዮን እሺ አለን፤ የሁላችሁንም መታወቂያ ላኩ፣ ለፖሊስ እናስመዘግባለን ብሎ። በዚያ ላይ በየከተማው የሚጠየቀው የማደሪያ ግብር አለ፤ በነፍስ ወከፍ፣ በየሌሊቱ። ለመተኛት ግብር! እንቅልፍ ከሸሸኝ ሰንብቷልና ያልተኛሁት ይቀነስልኝ እንደሆነ ጠይቁልኝ ብዬ ጻፍኩ። የሚስቅ ፊት ላኩልኝ።

ዋናው ጭቅጭቅ ግን የጃንጥላው ነው። አሸዋው ላይ በረድፍ ተተክሎ የሚከራይ ጃንጥላ አለ፤ ከሥሩ ሁለት መጋደሚያ። የፊተኛው ረድፍ ውድ ነው፣ ወደ ኋላ በሄድክ ቁጥር ይረክሳል። የፊተኛውን የያዙት ቤተሰቦች የአባት ርስት ይመስል በየዓመቱ አይለቁትም። ለእኛ የተረፈው አራተኛው ነው፤ ከዚያ ሆኖ የሚታየው ባሕሩ ሳይሆን የሦስተኛው ረድፍ ሰውዬ ጀርባ ነው። "የውሃው ጠርዝ የሁሉም ነው ይል የለም ሕጉ?" ብዬ ተሟገትኩ። አማቼ አስረዳኝ፤ ከውሃው ጠርዝ አምስት ሜትር ያህል ለሁሉም ክፍት ነው፣ ግን ይታለፍበታል እንጂ ጃንጥላ አይተከልበትም። ማለፍ በነጻ፣ ማረፍ በገንዘብ። እኔ ደግሞ የተጠራሁት ለዕረፍት ነበር።

በመኪና እንሂድ እንዳይባል፣ በነሐሴ አንዳንድ ቅዳሜዎችን የመንገድ ባለሥልጣኖች ጥቁር ምልክት ያደርጉባቸዋል። ባትወጡ ይሻላል ማለታቸው ነው፤ ሕዝቡ አይቶት ይወጣል። ስለዚህ በባቡር፣ ከሮማው ተርሚኒ ጣቢያ እስከ ፎንዲ ስፐርሎንጋ ጣቢያ። ጣቢያው ላይ ስሟ ተጽፏል፣ እሷ ግን የለችም፤ ወርዶ አውቶቡስ መጠበቅ ነው። ድሮ ትኬትህን ማሽን ውስጥ ከትተህ ታስመታና ትሳፈር ነበር። አሁን በስልክ ከተገዛ፣ ከመሳፈርህ በፊት ስልኩ ላይ መጥቻለሁ ብለህ መንካት አለብህ። መምጣቴን ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ እያዩኝ አያምኑም!

ምግብ ቤቱም የራሱ ዘዴ አለው። በላዚዮ ክልል ኮፐርቶ የሚሉትን የገበታ ክፍያ ሕግ ከ2006 ጀምሮ ከልክሎታል፤ አንዳንዱ ባለቤት ታዲያ ሒሳቡ ላይ "ዳቦ" ብሎ ይጽፈዋል። አልበላም ብትልም ዳቦው መጥቶ ፊትህ ይቀመጣል።

እውነቱን ለመናገር የስፐርሎንጋን ዋሻ ማየት እፈልጋለሁ። በ1957 መንገድ ሲሠራ ከዋሻው የእብነ በረድ ሐውልቶች በሺህ ስብርባሪ ሆነው ወጡ፤ የግሪክ ተረቱ ጀግና ኡሊሴና ባለ አንድ ዓይኑ ግዙፍ። ወደ ሮማ ሊጭኗቸው ሲሉ የከተማው ሰው መንገድ ዘግቶ አስቀራቸው፣ በ1963 እዚያው ሙዚየም ተከፈተላቸው። ጎበዞች! እኔ ሮማ ውስጥ በፖርታ ካፔና ባለፍኩ ቁጥር የአክሱም ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውን ቦታ አያለሁ። በ1937 አምጥተው ተከሉት፣ በ1947 እንመልሳለን ብለው ፈረሙ፣ አገሩ የገባው በ2005 ነው። መንገድ መዝጋቱን ማን በነገረን!

በዚያው ዋሻ በ26 ዓ.ም. ጢባርዮስ ቄሣር፣ ሉቃስ በወንጌሉ የጠራው ራሱ፣ ግብዣ ላይ ሳለ ጣራው ተናደ። ሴያኑስ የሚባል ሹሙ በላዩ ተደፍቶ አዳነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ቄሣሩ ያንኑ ሴያኑስን አስገደለው። ይህን ለአማቼ ብነግረው "እኔም እሸፍንዎታለሁ" አለኝ። ፍጻሜውን አልሰማኝም መሰል።

የአማቼ እናትም ትመጣለች። ሴትዮዋ፣ ልጅ ከበላ በኋላ ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ውሃ አይገባም ባይ ናት፤ የዚህ አገር አያት ሁሉ እንዲሁ ነው። የልጅ ልጆቼ ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ ይበላሉ። እርሳስ አንሥቼ አሰላሁት፤ የምንመለሰው እሑድ ማታ ነው፣ ልጆቹ ውሃ የሚነኩት ሰኞ። ስሌቱን ግሩፑ ላይ ለጠፍኩላቸው። ልጄ የመለሰችው "አባዬ፣ ሽሮህን እንዳትረሳ" ብላ ነው።