ውዳሴ ቆርቆሮ

እንግሊዞች ከኬንያ ሲወጡ ጥለውት ስለሄዱት ቅርስ ሲነሳ ባቡሩ ይመሰገናል፤ የሻይ እርሻው፣ የዳኞቹ ዊግ እንኳ አመስጋኝ አላጡም። ቆርቆሮዋን ግን የሚያነሳት የለም። ውለታ ቢስነት ነው፤ ስለዚህ እኔ ላመስግናት። (ዘመኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ጉዳዩ ያስገድዳል።)

በ1950ዎቹ በኬንያ ትምህርት ቤት አካባቢ በኪኩዩኛ ሲያወራ የተያዘ ልጅ መቀመጫው ተገልጦ ከሦስት እስከ አምስት ይገረፍ ነበር። አለዚያም «ደደብ ነኝ» ወይም «አህያ ነኝ» የሚል የተጻፈበት ቆርቆሮ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልለታል። ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ በ1986 ባሳተመው መጽሐፍ የመሰከረው ነው። የመምህራኑን ብልሃት ልብ በሉ፤ አጥፊ ፍለጋ አይደክሙም። ለአንዱ ልጅ የልብስ ቁልፍ ይሰጡታል፤ እሱ በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ለተያዘው ልጅ ያቀብላል፤ ያም ለሌላው። ማታ ቁልፏ የተገኘችበት ልጅ ከማን እንደተቀበለ ይናዘዛል፣ ያም ከማን፣ ያም ከማን፤ የቀኑ ወንጀለኛ በሙሉ ይለቀማል። ልጆች ቀኑን ሙሉ አንዱ የአንዱን አፍ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ ያውም በነፃ። ደርግ እንኳ ለአብዮት ጥበቃው ጠመንጃ ያድል ነበር።

ፈረንሳዮችም በምዕራብ አፍሪካ ያችኑ ጨዋታ «ሲምቦል» ብለው ከልጅ ወደ ልጅ ያዞሩ ነበር። አድልዎ እንዳትሏቸው፤ በገዛ አገራቸው የብሬታኝን የገበሬ ልጆችም አልማሯቸውም።

ፍሬውንም እንመልከት። በ1954 ከንጉጊ ጋር የተፈተነ አንድ ልጅ በሁሉም ትምህርት እጅግ ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ እንግሊዝኛ ብቻ ወደቀ። ስለዚህ ፈተናውን በሙሉ ወድቀሃል ተባለ፤ የአውቶቡስ ረዳት ሆነ። አገሪቱ ምን አጣች? ሒሳብ የሚችል ረዳት በቀላሉ አይገኝም። መልሱ ያልጎደለበት ተሳፋሪ ሁሉ የዚያን ሥርዓት ውለታ ኪሱ ውስጥ ይዞ ወርዷል።

በ1963 ነፃነት ሲመጣ ቆርቆሮዋ ትወድቃለች ብሎ የሰጋ ይኖር ይሆናል። ሥጋቱ ከንቱ ነበር። ንጉጊ በ1977 መንግሥትን የሚያብጠለጥል ልብ ወለድ በእንግሊዝኛ ሲያወጣ ማንም አልነካውም። በዚያው ዓመት ካሚሪቱ በተባለች መንደር ከገበሬዎችና ከሠራተኞች ጋር ሆኖ በኪኩዩኛ ቴአትር ቢያሳይ ግን ቴአትሩ ታገደ፤ እሱም በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ተያዘና ያለ ፍርድ አንድ ዓመት ያህል ታሰረ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ገበሬው በማይሰማው ቋንቋ እስከሰደብክ ድረስ መንግሥት ሆደ ሰፊ ነው። ሰውየው ግን አይታረምም፤ ካሚቲ ወኅኒ ተቀምጦ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ ልብ ወለድ ጻፈ፤ አሁንም በኪኩዩኛ!

ከሱ ይልቅ የቀድሞው የማላዊ ፕሬዚዳንት ሄስቲንግስ ባንዳ ይሻላሉ። (ስማቸው ነው፤ እኔ አላወጣሁላቸውም።) በ1968 ቺቼዋን ብሔራዊ ቋንቋ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው፤ ለሕዝባቸው ንግግር ሲያደርጉ ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ አጠገባቸው የቆመው አስተርጓሚ ወደ ቺቼዋ ይመልሰው ነበር። በ1981 ደግሞ በትውልድ አውራጃቸው በካሱንጉ፣ ገጠር መሐል፣ በስማቸው ትልቅ ትምህርት ቤት አስከፈቱ። መምህራኑ ከውጭ የመጡ ነጮች፣ ትምህርቱ ላቲንና ጥንታዊ ግሪክ። በዙሪያው በቆሎ የሚኮተኩተው ገበሬ ልጁ የሮማውያንን ግሥ ሲያረባ እየሰማ ምን ያህል ኮርቶ ይሆን!

እኛስ? እኛማ በቅኝ አልተገዛንም፤ አድዋ አለ። ቆርቆሮዋን በአንገታችን ያንጠለጠለ ገዥ ስላልነበረ ገዝተን ማስገባት ነበረብን። በአዲስ አበባ አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች በግቢው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። የኬንያው ወላጅ ይህን የተቀበለው ጠመንጃ ካለው መንግሥት ነው፤ የእኛው ወላጅ በምዝገባ ወረፋ ተሰልፎ፣ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ ይመለሳል። በ1944 የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አማርኛን የትምህርት ቋንቋ ካደረገ በኋላ የኦሮሞውና የወላይታው ልጅ በአፍ መፍቻው ምን ያህል እንደተሳቀቀ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎችም አሉ፤ እነሱን ዛሬ አልጋብዝም፣ ውዳሴዬን ያበላሹብኛል።

ክፍያው ግን ከንቱ አልቀረም። እሑድ እሑድ ልጁ አያቱን ሊጠይቅ ይወሰዳል። አያት «እንዴት ነህ የኔ ጌታ፣ በላህ?» ይላሉ፤ ልጁ ወደ እናቱ ያያል፤ እናት ጥያቄውን ትተረጉምለታለች፤ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ እናት ለአያት ታስተረጉማለች። ባንዳ እዚህ ደረጃ የደረሱት ፕሬዚዳንት ሆነው ነው፤ ይኸኛው ገና ሁለተኛ ክፍል ነው።