ኩል ያልነካው «ኩል»

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

 

ቨርጂኒያ ከገባሁ ጀምሮ የምሰማው «ኩል» ብቻ ነው። አመመኝ ስል አለቃዬ «ኩል»፣ ተሻለኝ ስል «ኩል»። መጀመሪያ ሰሞን አገሩ በሙሉ የሚኳል መስሎኝ ዓይን ዓይናቸውን ሳይ ከረምኩ። ለካ በእንግሊዝኛ «ቀዝቃዛ» ማለት ኖሯል፤ የእኛን አራዳ ይመስላል። ብቻ የእኛ አራዳ በአፉ ነው የሚታወቀው፣ የእነሱ በዝምታው። አይቸኩልም፣ አይደነግጥም፣ ሰማይ ቢደፋ አይደነቅም።

ነገሩን ያደመቁት ጥቁር የጃዝ ሰዎች ናቸው። ሌስተር ያንግ የሚባል ሳክስፎን ተጫዋች መድረክ ላይ ጥቁር መነጽር ያደርግ ነበር። ማይልስ ዴቪስ ደግሞ ጀርባውን ለታዳሚው ሰጥቶ ትራምፔቱን ይነፋ ነበር። በሚንቃቸው አገር ፊታቸውን ለማንም አላስነብብ ማለታቸው ይገባኛል። የማይገባኝ የቤት ደባሌ ነው፤ እሱን ማን ንቆት ነው ጅንን የሚለው?

«ኩል» የሚሉትን የጂንስ ሱሪማ ተዪው። በ1873 እ.ኤ.አ. ሊቫይ ስትራውስና ልብስ ሰፊው ጄከብ ዴቪስ ለሥራ ሱሪ የፈጠራ መብት ያወጡት ለምን መሰለሽ? የሠራተኛው ኪስ እንዳይቀደድ በብረት ስለቸነከሩት! ዛሬ ደባሌ ጉልበቱ የተቦጫጨቀውን አስገዛኝ፤ ዋጋው ከደህናው ይበልጣል። አንቺ እዚህ ብትኖሪ መርፌና ክር ይዘሽ ሱቁን በሙሉ ትጥፊው ነበር።

አባዬ ግን እንዳይስቅብኝ። ሳሎን በተሰቀለው ፎቶ ላይ አፍሮው በበር የማያልፍ፣ ቤልቦተሙ መንገድ የሚጠርግ ማን ነበር?

ባለፈው ቅዳሜ ከደባሌ ጋር ካፌ ተቀምጠን የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ ተከፈተ። ጂም ጃርሙሽ የሚባል ዳይሬክተር በ2005 እ.ኤ.አ. በፊልሙ ካስገባው ወዲህ እዚህም ወዳጁ በዝቷል። ፈረንጆቹ አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ ይነቀንቃሉ። እኔ አልቻልኩም፤ ብድግ ብዬ «የኛ ነው! ሙላቱ ነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ትከሻዬም አላረፈ። ደባሌ ኩባያውን ይዞ ሌላ ጠረጴዛ ሄደ። በገዛ አገሬ ሙዚቃ ፋራ ሆኜልሽ ተመለስኩ።

ከደብዳቤው ጋር ፎቶ አለ። ሱሪው እንደዚያ ሆኖ የተገዛ ነው። አደራሽን ለእድሩ ሰዎች እንዳታሳዪ፤ ገንዘብ ያዋጡልኛል።

ናፋቂ ልጅሽ