ነገረ ከርሠ ዶርሆ

ገናሌና ዳዋ ተገናኝተው ጁባ የተባለውን ወንዝ በሚወልዱበት በዶሎ ኦዶ፣ ከአንድ ሻይ ቤት ደጅ ተቀምጬ፣ ከሙቀቱ ጽናት የተነሣ የሸሚዜን ደረት ስከፍት አንዲት ቁልፍ ተበጥሳ ብትወድቅ፣ የቤቱ አውራ ዶሮ ዘሎ ዋጣት፤ የዚህ ሐተታ መነሻም ይኸው ነው።

የዶሮ ከርሥ ሁለት ክፍል አለው። ፊተኛው አሲድ ያመነጫል፤ ኋለኛው ግን ጥርስ ለተነፈገው ፍጥረት የተሰጠ ወፍጮ ስለሆነ፣ ጠጠር ይዞ በደቂቃ 2 ወይም 3 ጊዜ እየተጨመቀ ይፈጫል። አዛዡ ማን ነው ቢሉ፣ ከአንጎል ወደ ሆድ የምትወርድ፣ ሊቃውንት በላቲን «ተቅበዝባዥ» ያሏት ነርቭ አለች፤ ግብሯም የተዘዋዋሪ ኢንስፔክተር ነው፤ ስትደርስ ሥራው ይፋጠናል፣ ብትቆረጥ ግን ይዳከማል እንጂ አይቆምም፤ በጡንቻው ላይ የተዘረጋው የነርቭ መረብ ስሱን ጡንቻ አስቀድሞ ወፍራሙን አስከትሎ በተራ ያሠራልና። ዋና ከተማው ዝም ሲል ሥራው የማይቆምበት አውራጃ በዕድሜዬ ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን አንጀትን ተከትሎ እስከ ፍጻሜው የሚጓዘው፣ ከፍጥረት ሁሉ ለአዕዋፍ የተለየው ነርቭ ነው። በስሙ የሚጠራለት ሮበርት ሬማክ እ.ኤ.አ. በ1847 በርሊን ላይ ስለ አንጀት ራስ ገዝ ነርቭ ጽሑፍ አሳተመ፤ ለአንጀት ነጻነት የመሰከረው ሊቅ ራሱ ግን በአይሁዳዊነቱ ምክንያት ሙሉ የፕሮፌሰርነት ማዕርግ ተነፍጎ ኖረ።

በዚህ ግዛት ደግሞ ወደ ታች የተመራ ጉዳይ ወደ ላይ ይመለሳል። ወደ ቀጭኑ አንጀት ያለፈው መብል ለዳግም ምርመራ ወደ ወፍጮው ይጠራል፤ ሽንቱም ከመውጫው ደጃፍ ሽቅብ ተገፍቶ ውሃው ይመጠጣል። ይህን በቢሮ ሳየው ያናድደኝ ነበር፤ በቆላው ዋዕይ መካከል ግን ጥበብ መሆኑን አምኛለሁ።

ጠጣር ነገር በወፍጮው ውስጥ ብዙ ጊዜ እንደሚቆይ ስለተረዳሁ፣ ዶሮው ይሸጥልኝና ይታረድ ብዬ ባለቤቲቱን ብለምን፣ «ወንድሜ፣ ለአንዲት ቁልፍ ብዬ የሚቀሰቅሰኝን አላሳርድም» ብላ ሻዬን ደገመችልኝ። ሸሚዜም እስከ ዛሬ ከላይ ሁለተኛዋ ቁልፍ ትጎድለዋለች።