ሳይጣሉ የታረቁት

አፉላ በእስራኤል ምድር ስሟ የሚነሣው በተቆላ የሱፍ ፍሬ ነው። እኔም ወደ ቼዝ ውድድሩ ስሄድ የመጨረሻው ዙር ነው፣ ጦርነቱ ይረዝማል ብዬ አንድ ከረጢት ያዝኩ። ዳኛው «ቅርፊቱ ይጮኻል» ብሎ ከበር መለሰኝና በመስኮት ማየት ጀመርኩ። አጠገቤ ከጎንደር የመጡ ሽማግሌ አሉ። ከገበጣ በቀር ሌላ ጨዋታ አያውቁም፤ ፍሬውን ግን አብረን እንፈለፍላለን።

ነጩ የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋ። ጥቁሩም ገፋ። ነጩ ፈረስ አወጣ፤ ጥቁሩም ፈረስ። ሌላ ፈረስ፣ ሌላ ፈረስ። ጳጳስ፣ ጳጳስ። ነጩ ንጉሡን ከግንቡ ጥግ ሸሸገ፤ ያኛውም ሸሸገ። ከዚያ ቀና ብለው ተያዩ፣ ተጨባበጡ፣ ፈረሙ። በጭብጤ ያለው ፍሬ እንኳ አላለቀም።

«ምን ሆኑ ልጄ?»

«አቻ ወጡ አባባ፤ ተስማሙ።»

«መቼ ተጣሉና?»

አባባ የዘመኑ ሥልጣኔ አልገባቸውም። ግማሽ ግማሽ ነጥብ ሁለቱንም ከሽልማት የሚያደርስ ከሆነ ማሰብ ምን ይሠራል? ማሰብ ያደክማል፤ አንዳንዴም ያሸንፋል፣ ያኔ ወዳጅነት ይበላሻል። ኋላ ቀሮቹ እኛ ነን። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት እንደጻፉት የጥንቱ የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ሰንጠረዣችን፣ በ«ወረራ» ነበር የሚከፈተው፦ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ ሁለቱም እጃቸው በቻለው ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። መኳንንቶቻችን ተራ እስኪደርሳቸው መታገሥ እንኳ አቅቷቸው ነበር!

የሠለጠኑትን እዩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ሳማርካንድ ላይ፣ በዓለም የብሊትዝ ሻምፒዮና፣ ዳኒል ዱቦቭና ያን ኔፖምኒያሽቺ አንድ ወታደር ሳይነኩ ፈረሶቻቸውን ብቻ አስጨፍረው በ13 እርምጃ አቻ ተባባሉ። ጭፈራ የማይገባቸው ዳኞች ለሁለቱም ዜሮ ሰጧቸው። ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የሶፊያ ቼዝ ውድድር አዘጋጆች ተጫዋቾች እርስ በርስ አቻ እንዳይጠያየቁ ከለከሉ። ሰላም መቼም ጠላት አያጣም።

ለአፉላዎቹ አዘጋጆች ግን ምክር አለኝ። አንድ ተጫዋች ብቻ ጥሩ፣ ፊት ለፊቱ ትልቅ መስታወት አቁሙ። ጨዋታው ያው ነው፤ የሁለተኛው ሰውዬ ምሳ ይተርፋችኋል።

አባባ ከመስኮቱ አልተነሡም። ሽማግሌ ሳይገባ የታረቀ ሰው አይተው ስለማያውቁ፣ ጠቡ ገና የሚመጣ መስሏቸው ፍሬያቸውን ይፈለፍላሉ።