ምስጥ የማይበላው ጣውላ

ነቀምቴ ላይ ቤት የሠራ ሰው ወለሌን ጣውላ አለብሳለሁ ቢል ዘመድ ይሰበሰብበታል። ምን ጎደለህና? ዋንዛው ደጃፍ ቆሞ፣ ቀረሮው ጫካ ውስጥ እያለ፣ ደግሞ ቤት ውስጥ እንጨት? የሠለጠነ ሰው የእንጨት ፎቶ ያነጥፋል።

ፎቶው ፕላስቲክ ላይ የታተመ ነው፤ ቪኒል ይሉታል። ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ጥራቱስ! ፈጣሪ ዛፍ ሲሠራ ጉጡን እንዳሻው በትኖታል፤ ፋብሪካው ግን ሥርዓት ያውቃል። ጎንበስ ብለው ካዩት ያው ጉጥ፣ ከነስንጥቁ፣ አምስት ስድስት ጣውላ አለፍ ብሎ ተመልሶ ይመጣል። ዛፉም ኦክ ነው፤ የፈረንጅ አገር ዛፍ። ከዋንዛ ጋር በአንድ ዓይን ሊታይ ነው እንዴ?

ምስጥም አይበላውም። የመንዲን ምስጥ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚህ ላይስ ያለ ቀልድ ነው የማመሰግነው። ወለሉ ያልጣመው ምስጥ ታዲያ ወደ በሩ መቃን ይዞራል። መፍትሔው ግልጽ ነው፦ የመቃን ፎቶ መለጠፍ። ጣሪያው ሲደርስም የወራጅ ፎቶ አይጠፋም።

እስከዚያው ንግዱ ደርቷል። ዋንዛው ተሰንጥቆ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ የኦክ ፎቶ በዚያው መንገድ ይመጣል። የቤቱ እመቤትም አዲሱ ወለል እንዳይጫርባት ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ገዝታ ሸፍናዋለች።